ኤሲውን ማን ይያዝልን

አሮጌ ካምፐር ገዝተን አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የምንጎትት ሐበሾች ብዙ ችለናል። የጎማውን ዋጋ ችለናል። የጣሪያውን ማፍሰስ ችለናል። የነዳጁን ችለናል። «ሆቴል ይሻለን ነበር» የሚለውን ንግግርም በየማደያው እየሰማን ችለናል። አልቻል ያለን አንድ ነገር ነው፤ መስኮት ላይ የሚገባው ኤሲ። ቆመን ሳለ ጠብ የለንም። ያጓራል፣ ያቀዘቅዛል፣ ውሃውን ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፣ ሥራውን ይሠራል። መኪናው ሲነሳ ነው ጉዱ።

«ምን ካምፐር አስገዛችሁ?» ለሚለን መልስ አለን። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ መግቢያ አካባቢ የእግር ኳስ ውድድሩን ያዘጋጃል። አንዱን ዓመት ዳላስ፣ አንዱን ዓመት አትላንታ፣ አንዱን ዓመት ሲያትል። ሆቴሎቹም የጁላይ 4ን በዓል አይተው ዋጋቸውን ሰቅለው ይጠብቁናል። ልጆች አሉ፣ አያት አለች፣ ጀበናው አለ፣ እንጀራው አለ። ይህን ሁሉ ሕዝብና ዕቃ ሁለት የሆቴል ክፍል ውስጥ ለሳምንት ስናስበው ቤታችንን ጎትተን መሄዱ ረከሰብን። ጎተትን።

የዳላስን ጁላይ ያየ ደግሞ ቀሪውን ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ፋራናይቱ ወደ 100 ሲጠጋ፣ በላሜራ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ ይበስላል። ያለ ኤሲ አይሆንም።

ለካምፐር ተብሎ የተሠራ ኤሲ የለም እንዴ? አለ እንጂ። ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ 13,500 ወይም 15,000 ቢቲዩ ያለው፣ 14 በ14 ኢንች በሆነች ቀዳዳ በኩል ከውስጥ በቡሎን ጥርቅም ተደርጎ የሚታሰር ነው። የሠራው ሰው መንገድ እንደሚሄድ አውቆ ሠርቶታል። እኛ እንደማንገዛውም አውቆ ዋጋ ያወጣለት ይመስላል፤ ከነማስገጠሚያው በቀላሉ ከ1,000 ዶላር ይዘላል። ባለ 2,000 ዋቷ ጄኔሬተራችንም እሱን ለማስነሳት ስታቃስት ትጠፋለች። 5,000 ቢቲዩ የሆነው የመስኮት ኤሲ ግን ከ200 ዶላር በታች ይገኛል፣ ክብደቱ 40 ፓውንድ ገደማ ነው፣ 500 ዋት ገደማ ይበላል፣ ጠባቧን ክፍላችንንም ያበርዳታል። እስከዚህ ድረስ የሚፈርድብን የለም።

ችግሩ ይህ ዕቃ የተሠራው ለቤት መሆኑ ነው። ለቤት ሲባል ደግሞ ለማንኛውም ቤት አይደለም። መስታወቱ ወደ ላይ ተገፍቶ የሚከፈት፣ ወደ ታች ተስቦ የሚዘጋ መስኮት ላለው ቤት ነው። ኤሲውን ታችኛው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡታል፣ መስታወቱን ያወርዱበታል፣ መስታወቱ ከላይ ተጭኖ ይይዘዋል፣ በግራና በቀኝ የሚዘረጋው ፕላስቲክ ክፍተቱን ይሞላል፣ አለቀ። ቤቱ አይነቃነቅ፣ መስኮቱ አይነቃነቅ፣ ኤሲውም በጋውን ሙሉ አይነቃነቅ። የመመሪያውን ሥዕል አይታችሁታል። አንድ ፈገግ ያለ ሰው፣ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ የተስተካከለ መስኮት። ላብ እንኳ የለውም።

የእኛ ካምፐር መስኮት እንዲህ አይደለም። አንዱ በመዘውር ወደ ውጭ ይገፋል። አንዱ ወደ ጎን ይንሸራተታል። አንዱ ድርድር መስታወት ነው፤ ሲዞር ሁሉም አብሮ ይከፈታል፣ ሲዘጋ ግማሹ ይቀራል። ከላይ ወርዶ ኤሲ ጨብጦ የሚይዝ አንድም የለም። ስለዚህ ግድግዳ ይቆረጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ነው፤ ቆርጦ፣ ኤሲውን ሰክቶ፣ ዙሪያውን ሲልከን ቀብቶ፣ ፎቶ አንስቶ «ኤሲ አለው» ብሎ ይሸጥልናል። አለው። እንዴት እንደሚጓዝ ግን አይናገርም፤ እኛም ዕቃው ቆሞ ስላየነው ቆሞ የሚኖር ይመስለናል።

ግድግዳ ስንል ደግሞ ቃሉን ለክብር ነው የምንጠቀምበት። በውጭ በኩል ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ በውስጥ በኩል ስስ ኮምፔንሳቶ፣ በመካከሉ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች፣ ዘንጎቹን እርስ በርስ የያዛቸው ደግሞ የስቴፕል ሽቦ። መጋረጃ ይችላል። የልጆች ሥዕል ይችላል። 40 ፓውንድ ብረት፣ ያውም ከግማሽ በላዩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ያውም በሰዓት 65 ማይል እየሄደ፣ እንዲችል ማንም አስቦ አልሠራውም።

ታዲያ የሚመለከተው ማነው? እዚህ ጋ ነው ትዕግሥታችን የሚያልቀው። ኤሲ ሠሪውን ብትጠይቁ፣ ዕቃው ለተሽከርካሪ አልተሠራም፣ ዋስትናውም አያገለግልም ይላችኋል። ካምፐር ሠሪውን ብትጠይቁ፣ ያንን ቀዳዳ እኛ አልቆረጥነውም ይላል። ሻጩን ብትጠይቁ፣ እንዳለ ነው የሸጥኩት ይላል። የጋራዡን ሰው ብትጠይቁ፣ ጎማና ፍሬን ነው የማየው ይላል። ማደሪያ ካምፑን ብትጠይቁ ደግሞ አንዳንዱ ጭራሽ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ ካምፐራችሁ ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው አናስገባም፣ በጎኑ ኤሲ የተሰካበትም መልካችንን ያበላሻል። ሁሉም አይመለከተኝም። ይህ ኤሲ ባለቤት የሚያገኘው አስፋልት ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ያኔ ከየአቅጣጫው «የማነው?» ይባላል፤ ያልታሰረ ጭነት በሚል ቅጣት ይጻፋል፤ ቅጣቱ ላይም የሚሰፍረው ስም የሠሪውም የሻጩም አይደለም።

ነገሩ አዲስ ቢሆን ይቅር እንል ነበር። ግን አሮጌ ነው። የኤርስትሪም ካምፐር መሥራች ዋሊ ባየም እ.ኤ.አ. በ1959 41 ተሳቢዎች አሰልፎ ከኬፕታውን ተነሳ፤ ኢትዮጵያን አቋርጦም ካይሮ ድረስ ዘለቀ። ያኔ በነበረው የእኛ መንገድ! ተሳቢ ሲጎተት እንደሚንገጫገጭ፣ የተንገጫገጨ ነገርም እንደሚላቀቅ ከ60 ዓመት በላይ አስቀድሞ በሞያሌ በኩል ተረጋግጧል ማለት ነው። የመስኮት ኤሲም ያኔ አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ ነበር። ሁለቱ ዕቃዎች ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ አገር ኖረው የሚያስተዋውቃቸው ጠፋ። አስተዋዋቂዎቹ እኛ ሆንን፤ በትራፓኖና በአንግል ብረት።

ወደ መንገዱ እንምጣ። የካምፐር እግር ባሌስትራ ነው፤ ብዙው ሾክ አብዞርበር የለውም። መኪናው የዋጠውን ጉድጓድ ካምፐሩ ይተፋዋል። የሲሚንቶ አውራ ጎዳና ላይ በየመጋጠሚያው ዱብ፣ ድልድይ ላይ በየስንጥቁ ዱብ፣ እንደገና ዱብ፣ እንደገና ዱብ፣ ይህም ለስምንትና ለዘጠኝ ሰዓት። ከጎማዎቹ ወደ ኋላ የራቀ ነገር ሁሉ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይዘላል። ኤሲው የት ነው የተሰካው? የኋላው ግድግዳ ላይ ነዋ! ሌላ ቦታ የለም። በፊት በኩል ቢሰካ ዝናብና ነፋስ ፊት ለፊት ይገባበታል። በጎን ቢሰካ ይወጣል፤ በትልልቆቹ መንገዶች የተሽከርካሪ ስፋት ወሰን 102 ኢንች ነው፣ ብዙው አሮጌ ካምፐር 96 ኢንች ነው፣ ኤሲው አንድ ጫማ ሲጨመርበት የሚመጣውን ሂሳብ ራሳችሁ ሥሩት። የማደያውን ምሰሶም አትርሱ።

«እንዳይወጣ ወደ ውስጥ ሳቡት፣ ቁምሳጥን ውስጥ ይግባ» የሚል ብልህ አይጠፋም። የኤሲውን ጎኖች አይቷቸው አያውቅም። በሁለቱም ጎን የተደረደሩት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው፤ በእነሱ የውጭ አየር ስቦ ሙቀቱን በኋላው ያወጣል። ቁምሳጥን ውስጥ ሲዘጋበት የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይስባል፣ ይግላል፣ ይዘጋል። ስለዚህ መውጣት አለበት። ከወጣ ደግሞ ይንጠለጠላል። ከተንጠለጠለ ይዘላል። ከዘለለ መታሰር አለበት።

እንሰረው እሺ። በምን?

በስትራፕ ብናስረው፣ ስናጠብቀው ላሜራው ይጎብጣል፣ የፊቱ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፤ ስናላላው ይዘላል። በመካከል ያለውን ልክ ያገኘ ሰው ካለ አድራሻውን አንፈልግም፣ ካምፐሩን እንዲነዳልን ብቻ ነው የምንፈልገው። በላስቲክ ገመድ ብናስረው፣ ላስቲኩ ራሱ ሊያዘልለው የተፈጠረ ነው። በእንጨት ብናስደግፈው እንጨቱ እየተንሸራተተ ይወጣል። ዙሪያውን በሚያብጠው አረፋ ብንሞላው፣ እውነት ነው አይንቀሳቀስም፤ ግን በተበላሸ ቀን ለማውጣት ሴጌቶ ይዘን ከግድግዳው ጋር እንቆርጠዋለን። ሲልከን ብንቀባው፣ ሲልከን ውሃ ሊከለክል እንጂ ብረት ሊሸከም አልተሠራም፤ ጥቂት መቶ ማይል ሳይሄድ ይላቀቃል፣ ከዚያ ወዲያ ዝናቡን ወደ ፍራሻችን በሥርዓት ይመራልናል።

«ቪት ምቱበት» የሚሉም አሉ። የት ላይ? ከላሜራው ሥር፣ በጣት ስፋት ርቀት፣ ጋዙ የሚዞርበት የመዳብ ቱቦ አለ። ትራፓኖው አንዴ ጲስ ካሰኘው ኤሲው ከዚያ በኋላ ማራገቢያ ነው። በዋጋው ሳይሆን በክብደቱ የሚቆጭ ማራገቢያ።

ደኅናው መላ የሚባለው ከሥሩ መደርደሪያ መሥራት ነው፤ አንግል ብረት ታጥፎ፣ እግሮቹ ወለሉ ላይ ወርደው፣ በቡሎን ከወለሉ ፍሬም ጋር ተያይዘው፣ ክብደቱ ከግድግዳው ላይ ተነሥቶ ወደ ወለል እንዲሄድ ማድረግ። ከኤሲው ሥር የጎማ ምንጣፍ፣ ከኋላው እንዳይንሸራተት መግቻ ብረት፣ ከላይ ደግሞ ቀለል ያለ ስትራፕ። ውሃው ወደ ውጭ እንዲፈስ ጥቂት ወደ ኋላ ማዝመምም አለ። ትክክል ነው፤ አንከራከርም። ብቻ እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ወይ የአልጋው ራስጌ ነው፣ ወይ የማቀዝቀዣው በር፣ ወይ እማማ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚያልፉበት መንገድ ነው። ዳዶዎቹም አሉ። ተራ ዳዶ በዚያ ንዝረት ራሱን እየፈታ ይሄዳል፤ ናይሎን ያለው ዳዶ ካልሆነ በቀር መድረሻችን ላይ ቡሎኑን ብቻውን እናገኘዋለን። ሮንዴላው ደግሞ የት እንደሚገባ እንጃ፤ ካምፐር ውስጥ የጠፋ ሮንዴላ በባዶ እግር ካልሆነ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ጨርሰን፣ ሳጥኑ ንቅንቅ የማይል ሆኖ፣ አሁን ተገላገልን ስንል፣ ለካ ያሰርነው ሳጥኑን ነው። ኮምፕሬሰሩ ሳጥኑ ውስጥ በጎማ እግሮች ላይ ቆሟል። ጎማዎቹ ቤት ውስጥ ሲሠራ ድምፁን እንዲውጡ የተደረጉ ናቸው፤ መንገድ ላይ ግን እሱ እዚያ ውስጥ ብቻውን እስክስታ ይመታል። ከእሱ የሚወጡት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች አብረው ወዲህ ወዲያ ይላሉ፣ ይደክማሉ፣ አንድ ቀን ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ጋዙ ያልቃል። ድምፅ የለ፣ ሽታ የለ። ዳላስ ደርሰን፣ ሶኬት ሰክተን፣ ልጆቹ ፊታቸውን ከፊቱ ደቅነው፣ ቁልፉን ስንጫን ሞቅ ያለ አየር እፍ ይልብናል። ወድቆ ቢሰበር እኮ ይሻል ነበር! የወደቀ ኤሲ ይታያል፣ ይለቀስለታል፣ ሌላ ይገዛል። ይህኛው መልኩ ሙሉ፣ ድምፁ ሙሉ፣ መብራቱ በርቶ ሁለት ቀን ያከራክረናል። «ይቀዘቅዛል፣ ታገሡት።» «ፊልትሩ ነው።» «መብራቱ ቮልት አንሶት ነው።» ጋዙ ግን ቴነሲ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ጥንቁቆቻችን በየጉዞው ያወጡታል። ማውጣት ሲባል 40 ፓውንድ የሚመዝን፣ ሁለቱም ጫፉ ስለት የሆነ፣ መያዣ የሌለው ሣጥን፣ ወገብ ጎንበስ ብሎ፣ እጅ ተዘርግቶ ወደ ራስ መሳብ ነው። የወገብ ሐኪም ይህን አቋቋም ቢያይ ገና ሳይመረምረን ቀጠሮ ይሰጠናል። ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ፊት ይመጣና አንሶላው ላይ ያርፋል። ከዚያ የት ይቀመጥ? በጎኑ አይተኛም፤ በጎኑ ከተኛ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል፣ ሲደርሱም ቀጥ አድርጎ ለሰዓታት ሳያስነሱ መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ፣ ዙሪያውን በትራስ ተደግፎ፣ ጋቢ ለብሶ እንደ አራስ ይጓዛል። ሰው ሁሉ የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቆ፣ አልጋው የእሱ።

ቀዳዳውስ? ግድግዳው ላይ የቀረችው ቀዳዳ መዘጋት አለባት። ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል፣ መቀርቀሪያ ይሠራለታል፣ ዙሪያው ስፖንጅ ይለጠፍበታል። መቀርቀሪያው መንገድ ላይ ይከፈታል። ክረምት አሳልፈን ስንከፍተው ደግሞ ተርብ ቤት ሠርቶበታል።

ምክር ግን አልተነፈግንም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ካምፐሩን ከበው የማይመክሩ የሉም። ከመካከላቸው የጭነት መኪና የሚነዱ አሉ፤ ብረት አስረው ከባሕር እስከ ባሕር የሚሄዱ፣ ሕጉን በቃል የሚያውቁ። «ስማ ወንድሜ፣» ይላሉ፣ «የፌዴራሉ ሕግ የማሰሪያው አቅም ቢያንስ የጭነቱን ግማሽ ይሁን ነው የሚለው።» እናመሰግናለን። በዚህ ስሌት ለ40 ፓውንድ ኤሲ 20 ፓውንድ የሚችል ማሰሪያ ይበቃል፤ የጫማ ክር ማለት ነው። ሕጉ ጭነት ሲል ወለል ላይ የተቀመጠውን እንጂ ከመጋረጃ ትንሽ በሚሻል ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ግማሽ አካሉ ውጭ ያለውን አላሰበም። ባለ ጭነት መኪናው ጠጋ ይላል፣ በእጁ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ ግድግዳው አብሮ ሲነቀነቅ ያያል፣ ዝም ይላል። ከዚያ ሁሌም አንድ ጋሼ ከኋላ ይመጡና፣ «እኔ ብሆን ጣሪያ ላይ የሚሆነውን ነበር የምገዛው» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

«እዚያው ስትደርሱ አዲስ እየገዛችሁ፣ ስትመለሱ ለሰው ስጡት» ያለችን እህትም አለች። ሞኝ አይደለችም። ነገር ግን በጁላይ ሙቀት የዳላስ መደብር ውስጥ የመስኮት ኤሲ ፈልጋ ታውቃለች? መደርደሪያው ላይ የሚቀረው የክረምት ማሞቂያ ነው።

ደግነቱ አንዳንዴ ይሳካል። አንግሉ ይዞ፣ ዳዶው ጠብቆ፣ ቱቦው ሳይሰነጠቅ፣ ግድግዳው ሳይቀደድ እንደርሳለን። ኤሲው ይነሣል፣ ያጓራል፣ እውነተኛ ቀዝቃዛ አየር ይሰጣል። ሁላችንም ዝም ብለን ፊቱ እንቆማለን። ይህ ሲሆን ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የመጡት እማማ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ «ልጄ፣ እባክህ አጥፋልኝ ይኼን ነገር፣ ወገቤን መታኝ» ይላሉ። «እማማ፣ ሙቀቱ እኮ…» «ሙቀት ምን ያደርጋል? መስኮቱን ክፈቱልኝና ንፋስ ይግባ።»

የትኛውን መስኮት?